መቅረብና መድረስ፦ የፖሊኖሚያል አውቶሞርፊዝሞችን ስለ ማቀራረብ

በባሕር ዳር ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ጉዳይ በአማርኛ እንዳቀርብ ስለ ተሰጠኝ ዕድል ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የንግግሬ ርእስ ሲሰሙት ይከብዳል፤ ከበስተኋላው ያለው ጥያቄ ግን የሒሳብ ባለሙያ ላልሆነም ሰው የሚገባ ነው። ወደ አንድ ነገር በቀላል እርምጃዎች የፈለግነውን ያህል መቅረብ ከቻልን፣ ነገሩን ደረስንበት ማለት ነውን? ካልደረስንበትስ፣ ቅርበታችን ስለ ነገሩ ምን እንድንናገር ይፈቅድልናል? ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ሒሳብ የሰጠውን ትክክለኛ መልስ፣ እንዲሁም እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የሰጠሁትን የተሳሳተ መልስ አብረን እንመለከታለን።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአንድን ነጥብ ሥፍራ የሚወስኑትን ቁጥሮች ደግሞ ሀ፣ ለ፣ መ እያልሁ እጠራቸዋለሁ፤ እነዚህም ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ናቸው።

ቀላሉ እርምጃ

ከሁለት ልኬት እንጀምር። እያንዳንዱ ነጥብ በሀ እና በለ ይወሰናል። የመጀመሪያው ቀላል እርምጃ ማንሸራተት ነው፤ ለ እንዳለ ይቀመጣል፣ ሀ ደግሞ በለ ብቻ በሚወሰን መጠን ይገፋል። ጣና ላይ ብዙ ታንኳዎች ተሰልፈው ሁሉም ወደ ምሥራቅ ሲቀዝፉ አስቡ፤ በአንድ መስመር ያሉት ሁሉ እኩል ይሄዳሉ፣ በተለያየ መስመር ያሉት ግን የተለያየ ርቀት ይሄዳሉ። እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ መቀልበስ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን መስመር በዚያው መጠን ወደ ምዕራብ መመለስ ይበቃል። የግፊቱ መጠን ፖሊኖሚያል ከሆነ የመልሱም ጉዞ ፖሊኖሚያል ነው።

ማንሸራተት ብቻውን ትንሽ ይመስላል፤ ሲደጋገም ግን ብዙ ይሠራል። ለምሳሌ ሦስት እርምጃዎችን በተከታታይ ውሰዱ፦ በመጀመሪያ ሀ በ (ሀ − ለ) ይተካ፤ ቀጥሎ ለ በ (ለ + ሀ) ይተካ፤ በመጨረሻም ሀ እንደገና በ (ሀ − ለ) ይተካ። ከ (1፣ 0) ብንነሣ መጀመሪያ እዚያው እንቀራለን፣ ቀጥሎ ወደ (1፣ 1)፣ በመጨረሻም ወደ (0፣ 1) እንደርሳለን። ከ (0፣ 1) ብንነሣ (−1፣ 1)፣ ከዚያ (−1፣ 0)፣ በመጨረሻም (−1፣ 0) እናገኛለን። ይህ የ90 ዲግሪ ዙረት ነው። ሦስት ቀጥተኛ ግፊቶች አንድ ዙረት ሠሩ፤ ያውም በግምት ሳይሆን በትክክል።

አሁን ትርጓሜውን እንስጥ። የፖሊኖሚያል አውቶሞርፊዝም ማለት የነጥቦችን ሥፍራ በፖሊኖሚያሎች የሚለውጥ፣ ወደ ነበረበት የሚመልሰውም ማፒንግ እንዲሁ ፖሊኖሚያል የሆነ ነው። ሁለት ነጥቦችን አይቀላቅልም፤ ያልተደረሰበት ነጥብም አያስቀርም። ስለ ዓባይ ከጣና ጋር ሳይቀላቀል ሐይቁን ሰንጥቆ ያልፋል የሚለው ነባር አባባል ለዚህ ጥሩ ማስታወሻ ነው። ከዚህም በላይ የእንዲህ ያለው ማፒንግ ያኮቢያን ዲተርሚናንት በየትም ቦታ ዜሮ ስለማይሆን፣ ራሱም ፖሊኖሚያል ስለሆነ፣ በአልጀብራ መሠረታዊ ቴዎረም መሠረት ቋሚ ቁጥር ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ አውቶሞርፊዝም ይዘትን ቢለውጥ እንኳ በሁሉም ሥፍራ በእኩል ምጥን ነው።

የተገራውና ያልተገራው

ከማንሸራተትና ከአፋይን ማፒንጎች፣ ማለትም ከመስመራዊ ለውጥና ከቦታ ዝውውር፣ በተወሰነ ቁጥር ቅንብር የሚገኙትን አውቶሞርፊዝሞች “የተገሩ” እንላቸዋለን። በሁለት ልኬት ሁሉም አውቶሞርፊዝም የተገራ ነው። ይህን ሃይንሪኽ ዩንግ በ1942 ለኮምፕሌክስ ቁጥሮች አረጋገጠ፤ ቫን ደር ኩልክም በ1953 ለማንኛውም ፊልድ አስፋፋው።

በሦስት ልኬት ግን ነገሩ ተለወጠ። ጃፓናዊው ማሳዮሺ ናጋታ በ1972 የሚከተለውን ምሳሌ አቀረበ። ሰ = ሀ×መ + ለ² ብለን እንሰይም። ከዚያም ሀ በ (ሀ − 2×ለ×ሰ − መ×ሰ²) ይተካ፤ ለ በ (ለ + መ×ሰ) ይተካ፤ መ እንዳለ ይቆይ። ተማሪዎች በወረቀት ላይ ብታባዙት ሰ ራሱ እንደማይለወጥ ታያላችሁ። ስለዚህ በሰ ቦታ −ሰ ማስገባት ብቻ ማፒንጉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አውቶሞርፊዝም መሆኑ በአምስት ደቂቃ ይረጋገጣል።

ናጋታ ይህ ማፒንግ የተገራ እንዳልሆነ ገመተ። ግምቱ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ቆየ። በ2004 የታተመው የኢቫን ሼስታኮቭና የካዛኽስታናዊው ኡዋልባይ ኡሚርባየቭ ሥራ ግምቱን እውነት አደረገው፤ ሥራቸውም በ2007 የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበርን የሙር ሽልማት አገኘ። የቱንም ያህል እርምጃ ብንደረድር፣ በሦስት ልኬት ውስጥ ሆነን የናጋታን ማፒንግ ከቀላል እርምጃዎች አንገነባውም። በሌላ በኩል ማርታ ስሚዝ በ1989 እንዳሳየችው አንድ ተጨማሪ ልኬት ቢፈቀድልን ማፒንጉ የተገራ ይሆናል። እንግዲህ “አይቻልም” የሚለው ቃል ምን እንደተፈቀደልን ካልተነገረ ሙሉ ትርጉም የለውም ማለት ነው።

የማይደረስበትን መቅረብ

መድረስ ካልተቻለ መቅረብስ? መልሱ ያስደንቃል። ኤሪክ አንደርሰን በ1990፣ ቀጥሎም ከላስሎ ሌምፐርት ጋር በ1992 ያሳተሟቸው ሥራዎች የሚከተለውን ያስከትላሉ፦ ማንኛውም የፖሊኖሚያል አውቶሞርፊዝም፣ የናጋታውም ጭምር፣ በማንኛውም ዝግና ውሱን ክልል ላይ የፈለግነውን ያህል በተገሩ አውቶሞርፊዝሞች ይቀረባል። በክልሉ ውስጥ ካሉት ነጥቦች መካከል ስሕተቱ ከወሰንነው መጠን የሚያልፍበት አንድም አይኖርም።

ምክንያቱን ባጭሩ ላስረዳ። የናጋታን ማፒንግ በአንድ ጊዜ የተፈጸመ ዝላይ አድርገን ከማየት ይልቅ የአንድ ፍሰት ውጤት አድርገን እንየው። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ፍጥነቱ (−2×ለ×ሰ፣ መ×ሰ፣ 0) የሆነ ፈሳሽ አስቡ። ይህ ፈሳሽ ለአንድ የጊዜ አሃድ ሲፈስ በትክክል የናጋታን ማፒንግ ይሰጣል። ዳይቨርጀንሱን ብታሰሉ ዜሮ ነው፤ እንደ ውኃ አይጨመቅም፣ አይሰፋምም። የአንደርሰን ቁልፍ ሐሳብ ማንኛውም ዳይቨርጀንስ የሌለው የፖሊኖሚያል ፍሰት የማንሸራተት ፍሰቶች ድምር መሆኑ ነው።

በሁለት ልኬት ይህን በእጃችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለው ፍሰት ከአንድ ፖሊኖሚያል በዲሪቬቲቭ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ፖሊኖሚያል ደግሞ የመስመራዊ አገላለጾች ፓወሮች ድምር ነው። ለምሳሌ ሀ×ለ ማለት (ሀ + ለ)² ሲቀነስ (ሀ − ለ)²፣ ለ4 ተካፍሎ ነው። እያንዳንዱ ፓወር የሚያስገኘው ፍሰትም በአንድ አቅጣጫ ማንሸራተት ነው።

ቀሪው ትዕግሥት ነው። ሁለት ፍሰቶች ባንድነት የሚሠሩትን ሥራ፣ አንዱን ለአጭር ጊዜ፣ ቀጥሎ ሌላውን ለአጭር ጊዜ፣ እያፈራረቅን ብንደጋግመው እንቀርበዋለን። ጊዜውን ባሳጠርን፣ ድግግሞሹን ባበዛን ቁጥር ስሕተቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ታንኳ ቀዛፊ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየቀዘፈ ወደ ፊት እንደሚሄድ ያለ ነው።

የዚህ ዋጋ ግን መታወቅ አለበት። የናጋታ ማፒንግ ዲግሪ 5 ብቻ ነው። እያፈራረቅን የምንደረድራቸው እርምጃዎች በተደጋገሙ ቁጥር የቅንብሩ ዲግሪ እያደገ ይሄዳል፤ ግንባታው ለዲግሪው ምንም ጣሪያ አያበጅም። ዲግሪ ሳይጨምር መቅረብ ይቻላልን? ኤሪክ ኤዶና ፒየር-ማሪ ፖሎኒ በ2015 ባሳተሙት ሥራ፣ በሦስት ልኬት አንዳንድ ያልተገሩ አውቶሞርፊዝሞች የተገሩ አውቶሞርፊዝሞች ቤተሰብ ሊሚት ሆነው እንደሚገኙ በግልጽ ምሳሌ አሳይተዋል። ስለዚህ የተገሩት ስብስብ በአልጀብራዊው መለኪያም ቢሆን ዝግ አይደለም።

በአንድ ነጥብ አጠገብና በክልል ላይ

እስካሁን “ቅርብ” ስል በክልል ላይ መቅረብን ነበር። ሌላም የመቅረብ መለኪያ አለ። ሁለት ማፒንጎች በመነሻው ነጥብ ላይ እስከ ተወሰነ ዲግሪ ድረስ አንድ ዓይነት ኮፊሸንቶች ካላቸው ቅርብ ናቸው ልንል እንችላለን። ኮምፒውተር ላይ ቀመር ስንቆርጥ ዘወትር የምንሠራው ይህን ነው።

የሁለቱን ልዩነት ለማየት 1 ለ (1 − ሀ) ተካፍሎ የሚገኘውን ፈንክሽን ውሰዱ። 1 + ሀ + ሀ² እያልን ብንቀጥል በመነሻው አጠገብ እስከፈለግነው ዲግሪ ድረስ ከፈንክሽኑ ጋር ይስማማል። ሀ = 2 ሲሆን ግን የፈንክሽኑ ዋጋ −1 ነው፤ ድምሩ ደግሞ 1፣ 3፣ 7፣ 15 እያለ ያለ ገደብ ያድጋል። በአንድ ነጥብ አጠገብ ፍጹም ስምምነት፣ ከዚያ ርቆ ፍጹም መለያየት ማለት ነው።

የማቀራረብ ቴዎረሞችን ስናነብ “የት?” ብሎ መጠየቅ የግድ የሆነው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያዊው የሒሳብ ሊቅ ፕሮፌሰር ሽፈራው ብርሃኑ ከፓውሎ ኮርዳሮና ከሆርሄ ሆኒ ጋር ጽፈው በ2008 በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ትልቅ ቦታ የያዘው የባውንዲና የትሬቭ ቴዎረም (1981) ጥሩ ምሳሌ ነው። ቴዎረሙ የአንዳንድ የዲፈረንሺያል እኩልታዎች መፍትሔዎች በፖሊኖሚያል ቅርጽ እንደሚቀረቡ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን በአንድ ነጥብ ዙሪያ ስላለ፣ በጥንቃቄ ስለ ተወሰነ ሠፈር ነው። “በዙሪያው” የምትለው ቃል ከቴዎረሙ ብትወጣ ቴዎረሙ ይፈርሳል።

የኬለር ጥያቄና የእኔ ስሕተት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የአውቶሞርፊዝም ያኮቢያን ዲተርሚናንት ዜሮ ያልሆነ ቋሚ ቁጥር ነው ብለናል። ኦት-ሃይንሪኽ ኬለር በ1939 የተገላቢጦሹን ጠየቀ፦ ዲተርሚናንቱ ዜሮ ያልሆነ ቋሚ ቁጥር የሆነ ፖሊኖሚያል ማፒንግ ሁሉ አውቶሞርፊዝም ነውን? ይህ የያኮቢያን ግምት ይባላል። ስቲቨን ስሜል በ1998 ለመጪው ምዕተ ዓመት ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ ሆኗል። ዋንግ በ1980 ዲግሪው ከ2 ለማይበልጥ ማፒንግ እውነት መሆኑን አሳየ። ባስ፣ ኮኔልና ራይት ደግሞ በ1982፣ በሁሉም ልኬት ዲግሪ 3ን ማረጋገጥ ከተቻለ ሁሉም እንደሚረጋገጥ አሳዩ። በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ማረጋገጫ ተብዬዎች ቀርበው ወድቀዋል።

ከወደቁት አንዱ የእኔ ነው፤ ደግነቱ አልታተመም። ተመራቂ ተማሪ ሳለሁ የዴቪድ አኒክን የ1983 ቴዎረም አነበብሁ። ቴዎረሙ፣ የኬለርን ሁኔታ የሚያሟላ ማፒንግ ሁሉ የፈለግነው ዲግሪ ድረስ በኮፊሸንት ከተገራ አውቶሞርፊዝም ጋር እንዲስማማ ማድረግ ይቻላል ይላል። እኔም እንዲህ አሰብሁ፦ ማፒንጉ የአውቶሞርፊዝሞች ሊሚት ነው፤ ነጥቦችን የማይቀላቅሉ ማፒንጎች ሊሚት ነጥቦችን አይቀላቅልም፤ ስለዚህ ማፒንጉ አንድ ለአንድ ነው፤ አለቀ። ሁለት ወር ሙሉ ጽሑፉን ሳሳምር ቆየሁ። ለመምህሬ ባሳየሁ ጊዜ ገጾቹን አላገላበጡም። “ልጄ፣ ሊሚት ያልኸው በየትኛው መለኪያ ነው?” ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ያን ዕለት ማታ መልሱን ሳገኝ ጽሑፌን ቀደድሁት።

ስሕተቴ ይህ ነበር። “ነጥቦችን አለመቀላቀል ወደ ሊሚቱ ይተላለፋል” የሚለው የሁርዊትስ ቴዎረም እውነት ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን ቅርበቱ በክልል ላይ ሲሆን ነው። የአኒክ ቅርበት ደግሞ በመነሻው አጠገብ ነው። በአንዱ መለኪያ ያገኘሁትን በሌላው መለኪያ አወጣሁት።

ከፍርስራሹ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ተረፈ። የኬለርን ሁኔታ የሚያሟላ ማፒንግ በማንኛውም ዝግና ውሱን ክልል ላይ በአውቶሞርፊዝሞች የሚቀረብ ከሆነ፣ በሁርዊትስ ቴዎረም መሠረት አንድ ለአንድ ነው። አንድ ለአንድ የሆነ ፖሊኖሚያል ማፒንግ ደግሞ በአክስና በግሮተንዲክ ስም በሚታወቀው ቴዎረም መሠረት የማይደርስበት ነጥብ የለም፤ ቅልበሳውም ፖሊኖሚያል ይሆናል። ስለዚህ ማፒንጉ አውቶሞርፊዝም ነው። በተቃራኒው ማፒንጉ አስቀድሞ አውቶሞርፊዝም ከሆነ በራሱ ይቀረባልና ጉዳዩ ያለቀ ነው። እንግዲህ የኬለርን ጥያቄ እንዲህ ብለን መተርጎም እንችላለን፦ በመነሻው አጠገብ ያለው፣ አኒክ ያረጋገጠልን ቅርበት፣ በሁሉም ክልል ላይ ወዳለ ቅርበት ሊለወጥ ይችላልን? ግምቱ በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ያረፈ ነው፤ ከክፍተቱ አያንስም፣ አይበልጥምም።

የሚተላለፈውና የማይተላለፈው

በክልል ላይ መቅረብም ቢሆን ሁሉን ነገር አያስተላልፍም። (1 + ሀ/ቁ)ን ቁ ጊዜ በራሱ ብናባዛው፣ ቁ እያደገ ሲሄድ በየትኛውም ውሱን ክልል ላይ ኤክስፖኔንሺያል ፈንክሽንን ይቀርባል። እያንዳንዱ ፖሊኖሚያል በ −ቁ ላይ ዜሮ አለው፤ ኤክስፖኔንሺያሉ ግን ዜሮ ፈጽሞ የለውም። ዜሮው የት ሄደ? ከየክልሉ እየወጣ ወደ ወሰን አልባው ሸሸ።

በአውቶሞርፊዝሞችም እንዲሁ ነው። “ነጥቦችን አለመቀላቀል” ይተላለፋል፤ “ሁሉን ነጥብ መድረስ” ግን ሊጠፋ ይችላል። ፋቱ በ1922፣ ቢበርባኽም በ1933 ባሳዩአቸው ምሳሌዎች ውስጥ መላው ስፔስ አንድ ለአንድ በሆነ መንገድ ወደ ራሱ ክፍል ብቻ ይገባል፤ ከክፍሉ ውጪ ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። እንዲህ ያሉ ማፒንጎች የአውቶሞርፊዝሞች ሊሚት ሆነው ይገኛሉ። ፖሊኖሚያሎችን ከዚህ ዕጣ የሚያድናቸው ማቀራረቡ አይደለም፤ ፖሊኖሚያል መሆናቸው ነው። ማቀራረብ የማረጋገጫውን ግማሽ ሠራ፤ ሌላውን ግማሽ አልጀብራ ሠራ።

ምን ይዘን እንሂድ?

ይህ ሁሉ ለባሕር ዳር ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? አንድ የምታውቁትን ነገር ላንሣ። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ በ2011 ሲታወቅ የተስፋፋው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነበር፤ ከተማችን ያለችው ደግሞ በደቡቡ ዳርቻ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ሐይቅ ከደጃችን ባለ አንድ መለኪያ ብቻ ያጠና ሰው፣ ቁጥሮቹ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆኑ፣ ስለ ደምቢያ ዳርቻ ምንም አልተናገረም። ልኬቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው “እዚህ ይስማማል” የሚለውን “በሐይቁ ሁሉ ይስማማል” ብሎ ያነበበው ሰው ነው። እኔ በአኒክ ቴዎረም ላይ የሠራሁት ስሕተት ከዚህ የተለየ አይደለም።

የዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ሲመሠረት ካዋሐዳቸው ሁለት ተቋማት አንዱ በ1972 የተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ አካዳሚ ነው። ከእናንተም መካከል ብዙዎቹ ነገ መምህራን ትሆናላችሁ። ተማሪ አንድ ሥራ ይዞ “ቀርቤያለሁ” ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በየትኛው መለኪያ? በየትኛው ክልል ላይ? የፈለግኸው ባሕርይ በዚያ መለኪያ ይተላለፋልን? ለእኔ በወቅቱ የደረሰኝ ከሦስቱ የመጀመሪያው ብቻ ነበር፤ እርሱም ከማሳፈር አድኖኛል።

የናጋታ ማፒንግ በሦስት ልኬት ውስጥ በቀላል እርምጃ የማይደረስበት ሆኖ ይኖራል፤ በቀላል እርምጃዎችም ያለ ገደብ ይቀረባል። ሁለቱ እውነቶች አይጋጩም፤ እያንዳንዱ የራሱ መለኪያ አለው። ከአዳራሹ ስትወጡ ወረቀትና እርሳስ ያዙና ሰ እንደማይለወጥ በገዛ እጃችሁ አረጋግጡ። ጥያቄው ለእናንተ ክፍት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው።